ንጉሡ የተሸለቱበት መንደር

የፊተኛዋ በቅሎ ቁልቁለቱን ስትጀምር ቃሬዛው ወደ ፊት ዘመመ፤ ከመጋረጃው ውስጥ የንጉሡ ማቃሰት ተሰማ።

«ቀስ! ቀስ በይ ፉስካ! የተሸከምሽው ገብስ መሰለሽ?» በቅሎ ነጂው ሴቬሮ ልጓሙን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ተንጋለለ። የኋለኛው በቅሎ እግሮቹን ጠጠሩ ላይ ተከለ። በሁለቱ መካከል በወፍራም ዘንጎች የተንጠለጠለው ቃሬዛ ትንሽ ተወዛውዞ ረጋ።

ሞግዚቷ ኖኒታ ከቃሬዛው ጎን በእግሯ ትሄዳለች። ያዘለቻት የንጉሡ ልጅ ሊውባ ገና ጡት ያልጣለች ሕፃን ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትነጫነጭ ነው የዋለችው። እንቅልፏ መጥቷል፤ ግን ፀጉር ካልጨበጠች አትተኛም። የእናቷን ጉንጉን ወይም ከአባቷ ትከሻ የሚወርደውን ረጅም ፀጉር በጣቶቿ ጠቅልላ ካልያዘች ዓይኗን አትከድንም። የኖኒታ ፀጉር ደግሞ እንደ ማንኛዋም ባሪያ ከጆሮዋ በላይ የተከረከመ ነው። ጡቷን ልትሰጣት ትችላለች፤ የሚጨበጥ ፀጉር ግን የላትም።

«የፉስካን ጋማ ለምን አትሰጫትም?» አለ ሴቬሮ ዞር ብሎ። «ከንጉሡ ቀጥሎ በዚህ ሠራዊት ውስጥ እንደ እሷ ያለ ፀጉር ያለው የለም። ሁሉም ጋማዋን ቁረጥ ይሉኛል፤ እኔ ግን መቀስ አላስነካትም።»

«የንጉሥ ልጅ ናት እኮ፣ የበቅሎ ነጂ ልጅ አደረግካት?»

«እሱስ ልክ ነሽ። የበቅሎ ነጂ ልጅ ብትሆን አባቷ ይሄኔ በእግሩ ይሄድ ነበር።»

ኖኒታ ልትስቅ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ከመጋረጃው ውስጥ የንግሥቲቱ ድምፅ መጣ።

«ቀጥሉ።»

ንግሥት ጉንትሮዳ ተራራውን ከተሻገሩ ወዲህ ከዚህ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ምክንያቱን በቅሎ ነጂውም ባሪያይቱም ያውቁት ነበር፤ ጎት በሚባለው ሕዝብ አገር ይህን ሕግ የማያውቅ የለም። ለሞት የቀረበ ሰው ንስሐ ሲገባ ራሱን ይላጫል፣ ማቅ ይለብሳል፣ ዐመድ ይነሰነስበታል። ንጉሥም ቢሆን ያው ነው፤ ግን ከዚያ በኋላ ቢድን እንኳ ወደ ዙፋኑ አይመለስም። የተላጨ ራስ ዘውድ አይጭንም። አዲሱ ንጉሥ የሚመረጠው በመናገሻዋ በቶሌዶ ነው፤ ካልሆነም አሮጌው ባበቃበት ቦታ፣ ሜዳም ይሁን በረት። የንጉሡ ሚስት ደግሞ ያንኑ ዕለት ጥቁር ሻሽ አጥልቃ ገዳም ትገባለች፤ የንጉሥን መበለት ያገባ ሰው ዙፋኑንም መመኘቱ አይቀርምና።

በቶሌዶ ቅጥር ሥር ያለው የሴቶች ገዳም እመ ምኔት የንግሥቲቱ አክስት ናቸው። ንጉሡ የንግሥቲቱ ዘመዶች ኃይል ባላቸው በዚያ ከተማ ቢሞቱ ንግሥቲቱ ወደ አክስታቸው ይገባሉ፤ ልጅቷም በእናቷ ጉያ ታድጋለች። በመንገድ ላይ ካበቁ ግን ገዳሙን የሚመርጠው አዲሱ ንጉሥ ነው። እሱም ማን እንደሚሆን የታወቀ ነበር፦ ዋናውን ጦር እየመራ ከኋላቸው የሚመጣው መስፍን ቴውዱልፍ። ቶሌዶ ለመድረስ ደግሞ እስከ ነገ ማታ መጓዝ ነበረባቸው።

ከቁልቁለቱ ግርጌ አንድ ጅረት ነበር። በቅሎዎቹ ሊጠጡ ቆሙ። ኖኒታ ኮምጣጤ ጠብ ያለበት ውኃ በዋንጫ ይዛ ወደ መጋረጃው ቀረበችና እጇ ባለበት ቀረ። ውስጥ ያሉት ባልና ሚስት ይነጋገሩ ነበር። ሰው ፊት «እርስዎ» የሚባባሉት ሁለቱ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ እንደ ማንም ባልና ሚስት ነበር የሚነጋገሩት።

«ቄስ ጥሪልኝ» አሉ ንጉሡ።

«ነገ። ቶሌዶ ስንደርስ።»

«ትናንትም ነገ ብለሽኛል።»

«ትናንት ይኸን ያህል አላተኮሰህም ነበር። ዛሬ ማታ ይለቅሃል።»

 ንጉሡ ጎናቸው ላይ ያለባቸው ቁስል ሽታ በመጋረጃው ስንጥቅ ይወጣል። ሊያስገብሯቸው በዘመቱባቸው በባስኮኖች አገር፣ ከአንድ ስሙ እንኳ ከማይታወቅ ግንብ ሥር የተወረወረ ጦር ነበር ያቆሰላቸው።

«ጉንትሮዳ፣ እጄን እይው። ቀዝቅዟል። ንስሐ ሳልገባ ብሞት የት እንደምሄድ ታውቂያለሽ። ያፈሰስኩትን ደም አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ልጅህስ የት ትሄዳለች?»

ንጉሡ አቃሰቱ።

«እኮ ንገረኝ፣ ልጅህስ?» አሉ ንግሥቲቱ በድጋሚ።

መጋረጃው ተገልጦ ወጡ። ወጣት ናቸው፤ እንቅልፍ ያጣው ፊታቸው ግን የአሮጊት መስሏል። ካባቸውን ትከሻቸው ላይ የያዘው የንስር ቅርጽ ያለው የወርቅ መቆለፊያ ተጣሟል፤ ያስተካከለላቸው የለም። ዋንጫውን ከኖኒታ እጅ ወስደው ራሳቸው ጠጡት።

«ሰምተሻል» አሉ።

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ። አንቺ በኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

ባሪያ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልሰው ይታወቃል፤ «እመቤቴ ያውቃሉ» ይላል። ኖኒታም ይህንኑ ልትል ነበር። ልጅቷ ግን ጀርባዋ ላይ ተንፈራግጣ አንገቷን በትንሽ ጣቶቿ ቧጠጠቻት፤ ከአፏም ያላሰበችው ነገር ወጣ።

«የኔ ልጅ እንደተወለደ ነው የታመመው። ቄስ ልጥራ ስል የዚያን ጊዜዋ አሳዳሪዬ ‹ዝናቡ ያባራ› አሉኝ። ዝናቡ ሲያባራ ልጄም ዐረፈ። ሳይጠመቅ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው የቀበርኩት።» ትንፋሽ ወሰደች። «በሕይወት ያለ ልጅ፣ እመቤቴ፣ የትም ቢወስዱት ይፈለጋል። እሱን ግን የት ብዬ ልፈልገው?»

ንግሥቲቱ ባዶውን ዋንጫ እንደያዙ ጅረቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ሴቬሮ የፉስካን ልጓም አስተካክሎ ትእዛዝ ይጠብቃል።

«ሴቬሮ፣ ከዚህ ቅርብ ያለው ቤተ ክርስቲያን የት ነው?»

«ከዛፎቹ ወዲያ አንድ መንደር አለ፣ እመቤቴ። ግን ከመንገዳችን ወጣ ማለት ነው፤ ወደዚያ ካዞርን ነገ ቶሌዶ አንደርስም።»

«አዙር» አሉ ንግሥቲቱ።

*

መንደሩ በበግ መሸለት ላይ ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ፊት ያለው ሜዳ ላይ የተቆለለው ጠጉር ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ የተሸለቱት በጎች ራቁታቸውን እንደቀሩ ሁሉ ተጠጋግተው ይጮኻሉ። ሰዎቹ ቃሬዛውን የሚያጅቡትን ወታደሮች ሲያዩ መጀመሪያ ያሰቡት ግብር ነው፤ ግማሾቹ ጠጉሩን ሊደብቁ ተሯሯጡ። የመንደሩ ቄስ አባ ማንሲዮ እጅጌያቸውን ጠቅልለው አንድ አውራ በግ በጉልበታቸው ረግጠው ይዘው ነበር። ቃሬዛው ላይ ያለው ማን እንደሆነ ሲነገራቸው በጉን ለቀቁት፤ ግማሽ ጎኑ ተሸልቶ ግማሹ ሳይሸለት ሮጠ።

«እኔ?» አሉ። «እኔ ንጉሥ ልላጭ? ጳጳሳቱስ?»

«ከጦሩ ጋር ኋላ ናቸው» አሉ ንግሥቲቱ። «ፈረሰኛ ልኬባቸዋለሁ።»

«ታዲያ ይጠበቁ። ንጉሡ ቢድኑ ማን ላጫቸው ሲባል ማንሲዮ ነው ሊባል? በዚያ ዛፍ ላይ ነው የሚሰቅሉኝ፣ እመቤቴ። ዛፉን የተከልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

የሳቀ የለም። ሽማግሌው ራሳቸውም ቀልድ አልመሰላቸውም።

መስፍን ቴውዱልፍ ከጳጳሳቱ ቀድሞ በጥቂት ፈረሰኞች ታጅቦ ደረሰ። ከፈረሱ ወርዶ የራስ ቁሩን አውልቆ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ። ንጉሡ በወለሉ ላይ፣ በአዲስ የበግ ጠጉር ላይ ተኝተዋል። ተንበርክኮ እጃቸውን ሳመ። ከልጅነቱ ጀምሮ የንጉሡን ጋሻ የተሸከመ ሰው ነበር።

«ጌታዬ፣ በራስዎ አንደበት ካልጠየቁ አይሆንም። ምስክር ያስፈልጋል። ንስሐ ይፈልጋሉ?»

«እፈልጋለሁ።»

«ቢድኑ እንደማይመለሱ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ፣ ቴውዱልፍ። ሕጉን ስናጸና አብረን አልነበርን?»

«ማንም አላስገደደዎትም?»

ንጉሡ ሚስታቸውን አዩ። «ማንም» አሉ። «እንዲያውም ያዘገየችኝ አለች።»

ቴውዱልፍ ጎንበስ ብሎ ቀይ ድንጋዮች የተፈረጡበትን የንጉሡን የሰይፍ ቀበቶ ፈታ። ሲፈታው እጁ ዘለበቱ ላይ ዘገየ። ኖኒታ ከግድግዳው ተጠግታ ታየዋለች፤ የሚያለቅስ ሰው ነበር፤ ቀበቶውን ግን ለሌላ አላስያዘም።

በመንደሩ የነበረው መቀስ የበግ መሸለቻው ብቻ ነው። አባ ማንሲዮ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። የጠጉር ቅባት ስላለበት ብረቱ ያንሸራትታል። አንድ እጃቸውን በንጉሡ ግንባር ላይ አድርገው «በሸላቾቹ ፊት ዝም እንደሚል በግ» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ ቃሉ ጠፋባቸውና በዝምታ ቆረጡ። ረጅሙ ፀጉር እየተጠቀለለ ነጩ የበግ ጠጉር ላይ ወደቀ። ንጉሡ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። በመጨረሻ ዐመዱ ሲነሰነስባቸው ረጅም ትንፋሽ አወጡ፤ ከባድ ሸክም እንዳወረደ በቅሎ።

ንግሥቲቱ ወደ ባላቸው አንድ እርምጃ ተራመዱና ቆሙ። ንስሐ የገባ ሰው ሚስቱን እንደ እህት ነው የሚያያት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የባላቸውን እጅ መያዝ አይፈቀድላቸውም ነበር።

*

ጳጳሳቱ ከሰዓት በኋላ በበቅሎ ደረሱ። ምርጫው የተደረገው በሜዳው ላይ፣ በጠጉር ክምሩና በበረቱ መካከል ነው። ብዙ አልፈጀም። ወታደሮቹ ጋሻቸውን በጦራቸው ሲመቱ በጎቹ ደንግጠው አጥሩን ሰበሩት፤ የመንደሩ ሰዎችም አዲሱን ንጉሥ ትተው በጎቻቸውን ሊያሳድዱ ሮጡ።

ከዚያ ንግሥቲቱን ጠሯቸው። ከጳጳሳቱ አንዱ ጥቁሩን ሻሽ ከግንባራቸው እስከ ትከሻቸው ጠቅልለው፣ ጉንጉናቸውን ከውስጥ ሸሽገው፣ ከአገጫቸው ሥር በሁለት መርፌ አጥብቀው ያዙት። ንግሥቲቱ እንዳሰሯቸው ቆመው ቀጥታ ወደ ቴውዱልፍ ተመለከቱ።

«የት ነው የምትልኩኝ?»

«ሜሪዳ» አሉ አዲሱ ንጉሥ። «ደህና ገዳም ነው። መሬት አለው።»

«ሜሪዳ የአገሩ ዳርቻ ነው። ልጄስ?»

«ልጅቷ በቶሌዶ፣ በቤተ መንግሥት፣ ከልጆቼ ጋር ታድጋለች። ሞግዚቷ አብራት ትሆናለች። ምንም አይጎድልባትም፤ ይህን በመስቀሉ ምያለሁ።»

«ጡት ያልጣለች ልጅ ናት፣ ቴውዱልፍ!»

«አውቃለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እመቤቴ፣ ወደ አክስትዎ ልስደድዎት ብል የአክስትዎ ወንድሞች ነገ ቅጥሩን ዘግተው ሌላ ንጉሥ ያነግሣሉ። ልጅቷን ከእርስዎ ጋር ሜሪዳ ብሰድ ደግሞ አንድ ቀን አንዱ መጥቶ ይወስዳትና በስሟ ጦር ይሰበስባል። ያን ጊዜ የሚያለቅሱት እናቶች ብዙ ናቸው። ሌላ መንገድ ካለ ያሳዩኝ።»

 ኖኒታ የሰውዬውን ፊት በደንብ አየችው፤ ክፋት ፈልጋ አጣችበት። ክፉ ቢሆን ለሁሉም ይቀላቸው ነበር።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ በቤተ ክርስቲያኑ ወለል ላይ የተኙት ንጉሡ ልጃቸውን ጠየቁ። ኖኒታ ሊውባን ከደረታቸው አጠገብ አስቀመጠቻት። ልጅቷ እንደለመደችው ወደ ትከሻቸው እጇን ሰደደች። የለም። ወደ አንገታቸው ዳበሰች፤ ከዚያ ወደ ጆሯቸው፣ ከዚያ ወደ ተላጨው ራሳቸው። የተቆረጠው ሥር መዳፏን ወጋት። ፊታቸውን ትኩር ብላ አየችና፣ እንግዳ ሰው እንደያዘው ሕፃን፣ ወደ ኖኒታ ዞራ ጮኸች።

«ተያት፣ ውሰጃት» አሉ ንጉሡ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አየሽ ኖኒታ፣ አሁን እኔና አንቺ እኩል ሆንን።»

«እንዲህ አይበሉ ጌታዬ።»

«ጌታዬ አትበይኝ። ማቅ የለበሰ ጌታ የለም።»

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

አሰቡ። «እኔም አላውቅ። በስሜ የሚጠራኝ ሰው ከጠፋ ቆየ።»

ንግሥቲቱ ከግድግዳው ሥር፣ ከባላቸው ክንድ በማይደርስ ርቀት ተቀምጠው ነበር። ንጉሡ ዓይናቸውን ወደ ጥቁሩ ሻሽ መለሱ።

«ማንን መረጡ?»

«ቴውዱልፍን።»

«ደህና ነው። ፈረስ መምረጥ አያውቅም እንጂ ደህና ሰው ነው።» ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። «ወደ አክስትሽ ሰደደሽ?»

ኖኒታ ልጅቷን አጥብቃ ያዘች።

«ወደ አክስቴ ሰደደኝ» አሉ ንግሥቲቱ።

«ሊውባስ?»

«ከኔ ጋር ናት። በገዳሙ አትክልት ውስጥ ትሮጣለች። አክስቴ የሾላ ዛፍ አላቸው።»

«የሾላ ዛፍ» አሉ ንጉሡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያረፉት ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ነው። ንግሥቲቱ ከተቀመጡበት አልተንቀሳቀሱም፤ እጃቸው ብቻ ወለሉ ላይ ወደ ባላቸው ተዘርግቶ ነበር።

*

በማግሥቱ ንጉሡ በማቃቸው በዚያው ወለል ሥር ተቀበሩ። አባ ማንሲዮ የተቆረጠውን ፀጉር ከበጉ ጠጉር ለመለየት ሞክረው አልሆነላቸውም፤ ሁለቱንም አብረው በመቃብሩ ውስጥ አደረጉት። ቃሬዛው ተፈታ። ፉስካ ሥራ ስለፈታች ሴቬሮ ኮርቻ ጭኖ ለኖኒታ አቀረበላት።

ከመንደሩ በታች መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የሜሪዳው ወደ ምዕራብ፣ የቶሌዶው ወደ ደቡብ። ንግሥቲቱ እዚያ ላይ ልጃቸውን ለመጨረሻ ጊዜ ተቀበሉ። ሊውባ ሌሊቱን ሙሉ ስላልተኛች ዓይኖቿ አብጠዋል። የእናቷ ደረት ላይ እንደተጠጋች ጣቶቿ ሥራቸውን ጀመሩ፤ በጥቁሩ ሻሽ ላይ፣ ከጆሮው ሥር፣ ከአገጩ ሥር። ጨርቁ ጥብቅ ነበር። ንግሥቲቱ እጃቸውን ወደ አንዱ መርፌ ሰደዱ። ወደ ሜሪዳ የሚያጅባቸው ዲያቆን ከኋላቸው ጉሮሮውን ጠረገ። እጃቸው እዚያው ትንሽ ቆይቶ ወረደ።

ልጅቷን ለኖኒታ መለሱ።

«የነገርሽኝ እውነት ነበር» አሏት። «ይቅር ልልሽ ግን ዛሬ አልችልም።»

«ይገባኛል፣ እመቤቴ።»

«ምናልባት አንድ ቀን። ልጄ ስትጠይቅሽ ሜሪዳ በያት። የት እንዳለሁ ትወቅ።»

ኖኒታ በፉስካ ላይ ሆና ወደ ኋላ እንዳትዞር አንገቷን አደነደነች። ሊውባ ከፊቷ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ድምፅ አልቆባት ስለነበር ለቅሶው ትንፋሽ ብቻ ነው። እጆቿ አየር ይዳብሳሉ። የኖኒታን ራስ ነካች፣ ተወችው። ኮርቻውን ነካች። ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ አለችና ጣቶቿ የበቅሎዋን ጋማ አገኙ።

ጥቁርና ሻካራ ነበር፤ ላብ ላብ ይሸታል። ልጅቷ አንዴ አሸተተችው። አንድ ዘለላ በጣቶቿ ጠቀለለች፣ ሳበችው፣ ጉንጯን አስደገፈችበት። ብዙም ሳትቆይ ዓይኖቿ ተከደኑ።

ኖኒታ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላለቀሰችም ነበር። ልጅቷ ሳትተኛ ብትቀር፣ እስከ ቶሌዶ ብትጮህ፣ የምትችለው ይመስላት ነበር። እንዲህ ቶሎ መተኛቷን ግን አልቻለችውም።

ሴቬሮ ልጓሙን ይዞ ከፊት እየሄደ ዞር ብሎ አየ። አፉን ለቀልድ ከፈተ፤ ትናንት ጋማውን እንድትሰጣት የነገራት እሱ ነበር። የኖኒታን ፊት ሲያይ አፉን ዘጋ። መንገዱ ወደ ጣጎ ወንዝ ቁልቁል መውረድ ጀምሯል። እርምጃውን አሳጠረና በበቅሎዋ ጆሮ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«ቀስ» አላት። «ቀስ በይ፣ ፉስካ።»